እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተራራ

ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ነገራቸውን የሚጀምሩት ከፍል ውኃ ነው፤ እቴጌይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ወርደው በሙቁ ውኃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸውንና ሰፈሩን አዲስ አበባ ማሰኘታቸውን ተርከው ወዲያው ወደ ዐድዋ ይሻገራሉ። የከተማይቱ መሥራች መሆናቸው የማይካድ ነውና ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ዘውድ የደፉትም፣ ከዚህ ዓለም የተለዩትም በላይ በእንጦጦ ስለ ሆነ፣ የሕይወታቸውን መዋዕል በቀና መንገድ ለመከተል የሚሻ ሰው ከሸለቆው ይልቅ ከተራራው ቢነሣ ይሻለዋል።

ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው ወደ እንጦጦ የወጡት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ለምርጫቸው ሁለት ምክንያት ይጠቀሳል። አንደኛው፣ ከባሕር ጠለል ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ያለው ያ ጫፍ ለጠባቂ የሚመች፣ ለጠላት የሚያስቸግር ምሽግ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን፣ በዚያ አካባቢ የቀደሙ ነገሥታት፣ በተለይም የዐፄ ዳዊት ከተማ ነበረ የሚለው ትውፊትና የተገኘው ፍርስራሽ ናቸው። የክርስትናው ዘመን በእነዚህ ኮረብቶች ረጅም መሆኑን ደግሞ በየካ በኩል ከአለት የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል ይመሰክራል። ዙፋኑን ለማጽናት ለሚደክም የሸዋ ንጉሥ የአባቶችን ፍራሽ ማደስ ከግንብ የማያንስ ኃይል ነበረውና፣ ለእኔ ከሁለቱ ምክንያቶች ሁለተኛው የሚያመዝን ይመስለኛል።

ጣይቱ ወደዚህ ተራራ የመጡት በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ከንጉሡ ጋር ከተጋቡ በኋላ ነው። በአባታቸው በብጡል ኃይለ ማርያም በኩል ከየጁና ከሰሜን መሳፍንት የሚወለዱ፣ ግእዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ በሰንጠረዥም የሚጫወቱ ወይዘሮ ነበሩ፤ ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ እንደ ብርቅ በሚታይበት በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ፣ ጥቅምት 27 ቀን ደግሞ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ደፉ። የውጫሌ ውል ከተፈረመ ገና መንፈቅ መሆኑ ነበር፤ በኋላ ስለ ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ከጣልያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር በተነሣው ክርክር ቃላቸው እንዴት የጸና እንደ ነበረ፣ በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው ምሽግ ውኃ እንዲያዝበት መምከራቸውም እንዴት ጠላትን እንዳስጨነቀ፣ ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ አልደግመውም።

ይልቁንስ ተራራው ለምን ተለቀቀ የሚለው ነገር ብዙ የሚባልለት ነው። ብርዱና ነፋሱ፣ የክረምቱ መብረቅና የውኃው ርቀት ሁሉ ሰውን ያማርሩ ነበር፤ ከሁሉ የከፋው ግን የእንጨት እጦት ነበር። ለቤት ሥራው፣ ለአጥሩ፣ ለሠራዊቱ ግብር ለሚጋገረው እንጀራና ለሚሠራው ወጥ፣ ለሌሊቱም ምድጃ የሚሆነው ጽድና ወይራ ሲቆረጥ ኖሮ ኮረብታው ተራቆተ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች ቢወርድም ችግሩ አብሮ ወረደ፤ እንዲያውም ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ርእሰ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያስቀራት ከባሕር ማዶ የመጣው፣ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። በየካና በቀበና ግርጌ መሬት የተሰጣቸው የእንግሊዝ፣ የሩስያና የፈረንሳይ ለጋሲዮኖችም በስተጀርባቸው ያ ራቁት ተራራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደን ሲለብስ አይተዋል፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚለው ስም ዛሬም የሰፈር መጠሪያ ነው።

ይህ ደን ግን የሚነድደው በሴቶች ጀርባ እየወረደ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ሽቅብ የወጡ ሴቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን ሰብስበው፣ ከራሳቸው ቁመት በሚበልጥ ሸክም አድርገው፣ ገመዱን በትከሻቸውና በደረታቸው አጥብቀው ወደ ፈረንሳይና ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ከወገባቸው ስለሚያጎነብሳቸው ከፊት የሚመጣውን መንገደኛ የሚያዩት ከጫማው ነው። ቅጠሉ በምጣድ ሥር ቦግ ብሎ ስለሚነድ እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ ይፈልገዋል። የመዲናይቱን መመሥረት የሚያወሳ መጽሐፍ ስለ እነዚህ ሴቶች አንድ ምዕራፍ ቢጨምር ከርእሱ ወጣ የሚባል አይመስለኝም።

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ። ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ሲጸና የመንግሥቱ ሥራ በእርሳቸው እጅ እየገባ ሄደ፤ ዘመዶቻቸውን በየሹመቱ ማስቀመጣቸውም የሸዋን መኳንንት አስቆጣ። በዚህ በኩል መኳንንቱን ብቻ መውቀስ ትክክል አይደለም፤ እርሳቸውም የወገን ፍቅር በዝቶባቸው ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡ ተደረገና፣ ከዚያ ወዲያ ሥራቸው የታመሙትን ባለቤታቸውን ማስታመም ብቻ ሆነ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲያርፉ፣ እቴጌይቱ ከግቢ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲሄዱ ታዘዘ።

የከተማውን መውረድ የጀመሩት እርሳቸው፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይተው በሰው ትእዛዝ ወደ ላይ ተመለሱ። የልጅ ኢያሱ መሻር፣ የሰገሌ ጦርነት፣ የንግሥት ዘውዲቱ ንግሥ፣ ሁሉም በታች ሲሆን እርሳቸው በጸሎት ተወስነው ወሬውን ከላይ ሰሙ። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሄደው የቀረ ዘመናቸውን በዚያ ለመፈጸም ንግሥቲቱን ፈቃድ ቢለምኑ እንደ ተከለከሉ ይነገራል። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በእንጦጦ ዐረፉ፤ በዚያውም ተቀበሩ። ዐፅማቸው በኋላ ፈልሶ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም፣ ከባለቤታቸው ከዐፄ ምኒልክና ፈቃዱን ከከለከሏቸው ከንግሥት ዘውዲቱ ጋር በአንድ መካነ መቃብር ዐርፏል።