ሦስት ዘንባባ
ስለ ጦር ሜዳይና ስለ ባለቤቶቹ የተደረገ ጥቂት ምርመራ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተቃረበ ጊዜ የታሪክ መምህራችን እኛን የመጨረሻውን ክፍል ተማሪዎች በቡድን ከፍለው ለያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ምርመራ ሰጡ። ለእኛ የደረሰን፥ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ በየቤቱ ተቀምጠው የሚገኙትን የጦር ሜዳዮች ማን እንደ ተሸለማቸውና ስለ ምን እንደ ተሸለማቸው አጣርቶ መጻፍ ነበር። ሜዳዩን አይተን፥ የባለቤቱን ስም ጠይቀን፥ በሁለት ቅዳሜ የምንጨርሰው ሥራ መስሎን እጅግ ደስ አለን። ነገሩ ግን እንዳሰብነው አልሆነም።

በመጀመሪያ የሄድንበት ቤት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ከሚገኝ አንድ መንደር ነበር። የቤቱ ባለቤት የአርበኛ ልጅ የሆኑ አንዲት እማሆይ ናቸው። ድንች ቀቅለው፥ ቡና አፍልተው ከተቀበሉን በኋላ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሥር ከተቀመጠች ትንሽ ሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳይ አወጡ። ሜዳዩ የአርበኝነት ሜዳይ ነበር። የምስክር ወረቀቱን በጠየቅናቸው ጊዜ ግን፥ «ልጆቼ፥ ወረቀቱንስ አይጥ በላው» አሉን። ስሙ በሜዳዩ ላይ ተጽፎ እንደ ሆነ ብለን ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጠን አየን፤ የማንም ስም የለበትም።

ከዚህም ሌላ አንድ ችግር ተነሣ። የአርበኝነት ሜዳይ በጥብጣቡ ላይ ዘንባባ ይደረግበታል፤ ይኸውም ባለ ሜዳዩ በአርበኝነት ላይ ስለ ቆየበት ስለ ያንዳንዱ ዓመት አንድ ዘንባባ ነው። እማሆይ አባታቸው የአምስት ዓመት አርበኛ እንደ ነበሩ ነገሩን። በጥብጣቡ ላይ ያለው ዘንባባ ግን ሦስት ብቻ ነው። አንድ የልጅ ልጃቸው ይህን ሰምቶ፥ «ሁለቱን ዘንባባ አዲስ አበባ የነበረ ጸሐፊ ቀንሶባቸው ይሆናል» አለ። ሌላው ደግሞ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ለሜዳዩ ገንዘብ እንደ ሰጠና እማሆይ እንደ እንቢ እንዳሉ አጫወተን። እማሆይም ወደ እኛ ዞረው፥ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። አባቴ ዋሽቶ ነው ወይስ መንግሥት በድሎት ነው? ይህን ንገሩኝ» አሉን። መልስ አጥተን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ወደ መጻሕፍት ቤት ገብተን፥ ሌላው ዓለም የሜዳይን ባለቤት እንዴት አድርጎ እንደሚያገኝ ለማወቅ ፈለግን። በዚህ ነገር ብዙ የተደከመበት የጀርመን አገር ሆኖ አገኘነው። የጀርመን የታወቀው የጦር ሜዳይ የብረት መስቀል የሚባለው ነው። ያቆመው የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ ሲሆን፥ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1813 ከናፖሊዮን ጋር ጦርነት በተጀመረበት ወራት ነበር። አገሩ በችግር ላይ ስለ ነበረ መስቀሉ ከወርቅ ሳይሆን ከብረት ተሠራ፤ ለጄኔራልም ለተራ ወታደርም እንዲሰጥ ታዘዘ። ከዚያም በ1870፥ በ1914 እና በ1939 እንደገና ታደሰ። የታደሰበት ዓመት በመስቀሉ ላይ ስለሚጻፍ የየትኛው ጦርነት እንደ ሆነ ለማወቅ አያስቸግርም። ነገር ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብቻ ሁለተኛው ደረጃ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ሰዎች ስለ ተሰጠ፥ ስም የሌለበትን አንዱን መስቀል ይዞ ባለቤቱን መፈለግ ከባሕር ውስጥ አንዲት ጠጠር እንደ መፈለግ ነው።

ስለዚህ የጀርመን መርማሪዎች ከሜዳዩ ይልቅ ከእርሱ ጋር የተሰጠውን የምስክር ወረቀት፥ የወታደሩን ደብተርና የክፍለ ጦሩን መዝገብ ይፈልጋሉ። በዚህም ላይ የፕሩሲያ ሠራዊት መዝገብ ተከማችቶበት የነበረው የፖትስዳም ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 በአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የጀርመን ልጆች የአያቶቻቸውን ሥራ የሚያገኙት እንደ እኛው ከቤት ሣጥንና ከሽማግሌ አፍ ነው። እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮቿ በሰጠቻቸው ሜዳዮች ጠርዝ ላይ የያንዳንዱን ሰው ስምና ቁጥር አስቀርጻ ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ግን እርሷም ለወታደሮቿ ስም ሳታስቀርጽ ሰጠች። ይህን ባነበብን ጊዜ፥ አይጥ የበላው የእማሆይ ወረቀት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበረ ገባን።

በአገራችን ጀግናን መሸለም ጥንታዊ ልማድ ነው። ቀድሞ የአንበሳ ለምድ፥ በብር ያጌጠ ጋሻና ጎራዴ ይሰጥ ነበር። እንደ አውሮፓ ሥርዐት ኒሻን ማቆም የተጀመረው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1874 የሰሎሞንን ማኅተም ኒሻን ባቆሙ ጊዜ ነው። ከዚያ ዐፄ ምኒልክ የኢትዮጵያን ኮከብ ኒሻን ጨመሩ። መንግሥታትም በኒሻን ወዳጅነታቸውን ይገልጻሉ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ምዕራብ ጀርመንን በጎበኙ ጊዜ የዚያን አገር ከፍተኛ የክብር መስቀል ተቀብለዋል። እኛ የመረመርነው ግን በቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚሰጠውን ሳይሆን በጫካ የተገኘውን ነው። ከድል በኋላ በአገር ውስጥ ሆነው ለተዋጉት የአርበኝነት ሜዳይ፥ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወይም በሌላ አገር በስደት ለቆዩት የስደተኝነት ሜዳይ ተሰጠ። የድል ኮከብም የሚባል አለ።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ዘንባባ እንመለስ። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ የተመለሱትም በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ዘመኑን በጅምላ «የአምስቱ ዓመት» እያለ ይጠራዋል፤ አርበኛውንም ሁሉ «የአምስቱ ዓመት አርበኛ» ይለዋል። የጎጃም ታሪክ ግን የራሱ አካሄድ ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጎጃም ሰፊ ውጊያ አልነበረም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠላት በመላው ኢትዮጵያ ግፉን አበዛ፤ በጎጃምም የሕዝቡን ጠመንጃ ለመግፈፍ ተነሣ። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃውን መግፈፍ ወንድነቱን መግፈፍ ነው። በ1930 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ተነሣ። ነጋሽ በዛብህ፥ መንገሻ ጀምበሬ፥ በላይ ዘለቀ፥ ኃይሉ በለው የታወቁት በዚህ ጊዜ ነው። ጠላትም በዳንግላና በእንጅባራ በሠራቸው ምሽጎች ተከቦ ተቀመጠ።

ይህን ካነበብን በኋላ እማሆይ ካጫወቱን ነገር አንዱ ትዝ አለን። አባታቸው ወደ ጫካ የወጡ ዕለት ታላቅ ወንድማቸው ከቤት ሮጦ ወጥቶ የአባቱን እግር ይዞ እንዳለቀሰ እናታቸው ይነግሯቸው ነበር። ይህ ወንድማቸው የተወለደው «ጠላት በገባበት ዓመት» ነው፤ ማለት በ1928 ዓ.ም. ነው። በ1928 የተወለደ ሕፃን በዚያው ዓመት ሊሮጥ አይችልም። ሮጦ የአባቱን እግር ከያዘ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ ዘመኑም 1930 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ከ1930 እስከ 1933 ሦስት ዓመት ነው። ዘንባባውም ሦስት ነው። እንግዲህ አባትየውም አልዋሹም፥ ጸሐፊውም አልቀነሰባቸውም። ሜዳዩ የጎጃምን ታሪክ በትክክል ይዞ ኖሯል፤ ማንበብ ያልቻልን እኛ ነን።

በዳንግላ ሁለተኛ ሜዳይ አየን፤ እርሱም የስደተኝነት ሜዳይ ነበር። የባለ ሜዳዩ የልጅ ልጆች አያታቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጋር ከሱዳን እንደ መጡ ያውቃሉ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ ወደ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ተገናኘ፤ እርስ በርስ ይቀናቀኑ የነበሩት ደጃዝማች መንገሻና ደጃዝማች ነጋሽም እንዲስማሙ ረዳ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። የዊንጌት ጦር ከሱዳናውያንና በስደት ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተውጣጣ ሆኖ ከሁለት ሺሕ የማይበልጥ ነበር። ስለዚህ በመጽሐፈ መሳፍንት በሦስት መቶ ሰዎች ብዙ ሠራዊት ባሸነፈው በጌዴዎን ስም ተጠራ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላት ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ሸሸ።

ከድል በኋላ በአርበኛና በስደተኛ መካከል ቅሬታ ነበረ። «እኔ በጫካ ስደማ አንተ በሰው አገር ነበርህ» የሚል ነበር፤ ለጠላት ያደሩ ሰዎች ሹመት ሲያገኙ ያየ አርበኛም አዝኗል። ሹመትና ሽልማትም ሰውን ከመከራ አያድንም፤ በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ከተባለ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሞተ። እኛ ግን ሁለቱን ሜዳዮች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሥለናቸዋል። ያለ ጫካው ሰው ጌዴዎን ጦር መንገድ አያገኝም ነበር፤ ጌዴዎን ጦርም ባይመጣ የጫካው ሰው ምሽጉን በጠመንጃ ብቻ ለመስበር ብዙ ዘመን ይፈጅበት ነበር።

ሦስተኛውን ሜዳይ አንድ የክፍል ጓደኛችን ከቤቱ በደስታ ይዞት መጣ። ባየነው ጊዜ ግን የተቀረጸበት የኢጣልያ ንጉሥ የቪክቶር ኢማኑኤል መልክ ነበር። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ለወረሩት ወታደሮቿ ያደለችው ሜዳይ ነው። ልጁ ደነገጠ፤ ጥቂቶቻችንም ወዲያው ክፉ ነገር ለመናገር ቸኮልን። መምህራችን ግን፥ «ይህ ሜዳይ ከሞተ ጠላት ደረት የተነጠቀ ምርኮ ሊሆን ይችላል፤ ለጠላት በማገልገል የተገኘም ሊሆን ይችላል። ብረቱ አይናገርም። ማስረጃ ሳትይዙ አያትን አትክሰሱ፥ አታወድሱም» አሉን። ጀርመኖችም እ.ኤ.አ. በ1939 በታደሰው የብረት መስቀል ላይ የናዚ ምልክት ስላለ በዚህ ተፈትነዋል፤ በ1957 በወጣ ሕግ መስቀሉን ማድረግ የተፈቀደው ያ ምልክት ተነሥቶለት ነው። ሜዳይ የወታደሩን ድፍረት ይመሰክር ይሆናል እንጂ የጦርነቱን ቅንነት አይመሰክርም። የጓደኛችንን ቤት ስም በደብተራችን አልጻፍንም።

ምንም ሜዳይ ያልተቀበሉትንም መርሳት አይገባም። ስንቅ ያቀበሉ ሴቶች፥ ወሬ ያመላለሱ እረኞች፥ ከሱዳን ጭነት ተሸክመው መጥተው በደጋው ብርድ ያለቁ በሺሕ የሚቆጠሩ ግመሎች ጥብጣብ የላቸውም። ስለ ፈረሶች ግን አገራችን አንድ መልካም ነገር ሠርታለች። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ፈረሱን ከነባለቤቱ አጊጦ ያወጣዋል። ይህም ሳይጻፍ የሚወረስ ሜዳይ ነው እንላለን።

በመጨረሻ ወደ እማሆይ ቤት ተመልሰን ያገኘነውን ነገርናቸው። ገና አማርኛችንን ሳንጨርስ ጓደኛችን በአዊኛ ደገመላቸው። እርሳቸውም የወንድማቸውን ሩጫ ስንጠቅስ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያም ሦስቱን ዘንባባ በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጥረው፥ «እንግዲያስ ሙሉ ነው» አሉ። ሜዳዩን በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ሣጥኑ መለሱት፤ ቁልፉንም ለነጋዴው ዋጋ ሲያጫውተን ለነበረው ለልጅ ልጃቸው ሰጡት።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች፥ ወላጆችም፥ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በቤታችሁ ሜዳይ ካለ ዛሬውኑ የባለቤቱን ስም፥ የተወለደበትን አገር፥ ከማን ጋር እንደ ዘመተና በማን ምስክርነት እንደ ታወቀ በወረቀት ጽፋችሁ ከሜዳዩ ጋር አስቀምጡ። ሌላ ግልባጭም ለትምህርት ቤቱ ወይም ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ስጡ፤ አንዱን አይጥ ቢበላው ሌላው ይተርፋልና። ሜዳዩን ለነጋዴ የሸጠ ሰው ብረት ሸጠ፤ ታሪኩን ሳይጽፍ ያኖረ ሰው ግን ብረት ብቻ አኖረ። እኛ የእማሆይን አባት ስም፥ ሦስቱንም ዓመት፥ የሕፃኑንም ሩጫ ጽፈን ከሣጥኑ ውስጥ አኑረናል።