ሺህ ድምፅ በአንድ ሳጥን

ይህን ትዕይንት ሳታዩት አልቀራችሁም። ባንዱ ሞቅ ብሏል። ዘፋኙ ሁለተኛውን አዝማች ጨርሶ ፈቀቅ አለ፤ ተራው የጊታሪስቱ ነው። ጊታሪስቱ ግን የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ነገር ግን አንገቱን ደፍቶ እግሩ ሥር ካለች ሳጥን ጋር እየተሟገተ ነው። አንዴ ረገጣት፤ ቁጥሩ ከ07 ወደ 08 ሄደ። ደገመው፤ 09። እሱ የሚፈልገው ድምፅ ያለው 12 ላይ ነው። 12 ላይ ሲደርስ የሶሎው ግማሽ አልፏል፤ ኪቦርዲስቱም ክፍተቱን ሸፍኖለት በዓይኑ ይገላምጠዋል።

ሳጥኗ ማልቲ-ኢፌክት ፔዳል ትባላለች። በጊታርና በአምፕሊፋየር መካከል ትገባና ድምፁን ታሻክራለች፣ ታስተጋባለች፣ ታወዛውዛለች፣ ስትፈልግም ሦስቱንም በአንድ ላይ ታደርጋለች። ሊገዛት የሚያስብ ሰው ሁለት ጥያቄ አለው፦ ቃናዋ እንዴት ነው? ለአጠቃቀምስ ትመቻለች? ብዙዎቻችን መጀመሪያውን ጥያቄ አጥብቀን እንጠይቅና ሁለተኛውን «እሱ እንኳ ይለመዳል» ብለን እናልፈዋለን። የሳጥኗ ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። ላለፉት ስድሳ ምናምን ዓመታት ቃናና አጠቃቀም እንደ ገመድ ጉተታ ሲሳሳቡ ነው የኖሩት። እስቲ ከሥሩ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ብልሽት የወለደው ድምፅ

ነገሩ የጀመረው በብልሽት ነው። አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ፣ የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» የተባለ ዘፈን እየተቀረፀ ነው። ግሬዲ ማርቲን የባስ ጊታሩን ሶሎ ሲጫወት የስቱዲዮው ሚክሰር አንዱ መስመር ተበላሽቶ ኖሮ ድምፁ ተቀዳዶና ሻክሮ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እንድገመው» ይባል ነበር። እነሱ ግን ተዉት። ዘፈኑ በ1961 ወጥቶ ተወደደ፤ ሌሎች ሙዚቀኞችም ያንኑ ድምፅ መጠየቅ ጀመሩ። የቀረፃው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን በትራንዚስተር አስመስሎ ሠራውና ሐሳቡን ለጊብሰን ኩባንያ ሸጠ። በ1962 «ማኤስትሮ ፈዝ-ቶን» ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። በመጀመሪያ ገዢው ብዙም ዞር ብሎ አላየውም። በ1965 ሮሊንግ ስቶንሶች «ሳቲስፋክሽን» ላይ ሲጠቀሙበት ግን ከመደብር ተጠርጎ አለቀ።

ዋህ-ዋህም አመጣጡ ከዚህ አይርቅም። በ1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቶማስ ኦርጋን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብራድ ፕላንኬት፣ የቮክስ አምፕሊፋየር ላይ ያለችን አንዲት ውድ ማብሪያ ርካሽ በሆነ ተሽከርካሪ ቁልፍ ለመተካት ይሞክር ነበር። ቁልፉን ሲያዞረው ድምፁ ሕፃን እንደሚያለቅስ ዓይነት ሆነ። ያንን አውጥተው የኦርጋን ፔዳል ውስጥ ገጠሙት፤ በ1967 ተሸጠ። ብዙም ሳይቆይ እኛም ጋ ደረሰ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተቀረፁትን ሸክላዎች ያዳመጠ ሰው ዋህ-ዋሁን ከነፋስ መሣሪያዎቹ ሥር ሲንቆራጠጥ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያ ዘመን ስለ አጠቃቀም የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ምክንያቱም ሳጥኑ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። አንድ የእግር መርገጫ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ፣ በቃ። ረገጥከው፣ ሠራ። ደግመህ ረገጥከው፣ ተወ። መመሪያ መጽሐፍ የሚያስፈልገው የለም።

ሳጥኖቹ ሲበዙ

ችግሩ የመጣው አንዱ ሳጥን ስላማረ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ስላማረ አምስተኛው ሲገዛ ነው። በ1972 የተመሠረተው የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1975 ጄ.ሲ.-120 የተባለውን አምፕሊፋየር አወጣ፤ በማግስቱ ዓመት በውስጡ ያለውን ኮረስ ለብቻው ነቅሎ «ቦስ» በሚል ስም ሸጠው። በ1977 ደግሞ ቦስ ዛሬም ድረስ መልካቸው ያልተለወጠ ትናንሽ ባለቀለም ፔዳሎቹን ጀመረ። ዋጋቸው ቀለል ያለ፣ ጥንካሬያቸው የተመሰከረ ነው። ጊታሪስቱም እግሩ ሥር ሰልፍ ማስያዝ ጀመረ።

ሰልፉ ግን ዕዳ አለው። ለእያንዳንዱ ፔዳል ባትሪ ወይም አዳፕተር፣ በየመሀሉ አጫጭር ኬብሎች፣ በየኬብሉ ጫፍ የሚንጫጫ ግንኙነት። ከሁሉ የከፋው የእግሩ ነገር ነው። ከግጥሙ ወደ አዝማቹ ለመሻገር ዲስቶርሽኑን ማብራት፣ ኮረሱን ማጥፋት፣ ዲሌዩን ማብራት፣ በአንድ ምት ሦስት እርግጫ! ቃናው ሲበለጽግ እግሩ ደኸየ ማለት ይቻላል።

ሁሉም በአንድ

1980ዎቹ የዲጂታል ዘመን ናቸው። በአሥርቱ አጋማሽ የወጣው የያማሃ ኤስ.ፒ.ኤክስ.-90 ሪቨርብን፣ ዲሌይንና ሌሎችንም በአንድ ሣጥን ይዞ የስቱዲዮዎች ደንበኛ ሆነ። ነገር ግን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ እንጂ የእግር ዕቃ አልነበረም። በ1988 ቦስ ኤም.ኢ.-5ን አወጣ፤ ብዙ ኢፌክት፣ መሬት ላይ፣ በአንድ ሳጥን። ዋናው ተስፋ ቃና ሳይሆን ትዝታ ነበር፦ ያቀናበርከውን ሳጥኗ ታስታውስልሃለች፤ ሦስት እርግጫ የነበረው በአንድ እርግጫ ያልቃል። ማልቲ-ኢፌክት የተወለደችው የእግርን ችግር ልትፈታ መሆኑን አትርሱ።

በ1990 ደግሞ ዙም የተባለው የቶኪዮ ኩባንያ የጊታር ማንገቻ ላይ የምትንጠለጠል 9002 የምትባል አነስተኛ ሳጥን አመጣ። በአሥርቱ አጋማሽም ታዋቂዋ ዙም 505 ተከተለች። በዓለም ዙሪያ ስንቱ ጀማሪ የመጀመሪያ ዲስቶርሽኑን የሰማው በእሷ ነው። ርካሽ ነች፣ ቀላል ነች፣ በአንድ ባትሪ ትሠራለች።

ግን ምን ሆነ? ለማስተካከል ስትነሡ ሁለት መርገጫ፣ ጥቂት የጣት ቁልፎችና ሁለት ምልክት ብቻ የምታሳይ መስኮት ነው የምታገኙት። ዲሌዩን ትንሽ ለመቀነስ ሚስጥራዊ ፊደልና ቁጥር መፍታት ነበረባችሁ። ስለዚህ አብዛኛው ሰው አልነካካም፤ ፋብሪካው ባስቀመጠለት ፕሪሴት ኖረ። በቃና በኩልም የዚያ ዘመን ርካሽ ሳጥኖች ዲስቶርሽን የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ችስስ ይል ነበር። ጊታሩን ቀስ ብለህ ብትነካውም፣ አጥብቀህ ብትመታውም ያው ነው። የድሮው የቱቦ አምፕሊፋየር ግን የጣትን ጉልበት ያውቃል፤ በስሱ ሲነኩት ይጠራል፣ ሲመቱት ይጮኻል።

መኮረጅ የቻለች ሳጥን

ከዚያ የኩረጃ ዘመን መጣ። በ1998 ላይን ሲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኩላሊት የመሰለች ቀይ ዕቃ አወጣ፤ ስሟ ፖድ። የታወቁ አምፕሊፋየሮችን ባሕርይ በሒሳብ አስልታ ታስመስላለች። ስለ ቃናዋ ብዙ ተወርቷል፤ የቁልፎቿ ነገር ግን ተገቢውን ምስጋና ያገኘ አይመስለኝም። ፊቷ ላይ ያሉት ቁልፎች አምፕሊፋየር ላይ የምናውቃቸው ናቸው፦ ባስ፣ መካከለኛ፣ ትሬብል፣ ድምፅ። ያዩትን ማዞር ነው። ቦስም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤም.ኢ.-50ን ሲያወጣ ዝርዝር ማገላበጥን ትቶ ለየኢፌክቱ የራሱን ቁልፎች ደረደረ። ምርጫው ከጂ.ቲ. ተከታታዮቹ ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ጨለማ ውስጥም በእጅ ዳብሶ ማስተካከል ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ያለው የቅርብ ጊዜ ነው፤ ቶሎ እንለፈው። በ2006 የፍራክታል አክስ-ኤፍ.ኤክስ.፣ በ2011 የእውነተኛ አምፕሊፋየርን ድምፅ የሚቀዳው ኬምፐር፣ በ2015 ከየመርገጫው በላይ ስሙን የምትጽፈው ሂሊክስ፣ በ2021 ደግሞ መርገጫዎቿ ራሳቸው እንደ ቁልፍ የሚዞሩት ባለ ንክኪ ስክሪኗ ኳድ ኮርቴክስ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚኮሩበትን አያችሁልኝ? ስለ መርገጫና ስለ ስክሪን ነው። ቃናው ብዙ አድማጭ ከእውነተኛው መለየት እስከሚያቅተው ሲደርስ ፉክክሩ ተመልሶ ወደ እግር መጣ።

የእኛ ቅኝት፣ የእኛ ሶኬት

እዚህ ላይ ፈረንጅ የማይጽፍልን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ቅኝት ነው። ማልቲ-ኢፌክቶች ውስጥ «ሃርሞናይዘር» የሚባል አለ፤ አንድ ኖታ ስትጫወት ሁለተኛ ድምፅ ይጨምርልሃል። ቁልፉን ሲ ሜጀር ላይ አድርጋችሁ፣ ሦስተኛ ድምፅ ጨምር ብላችሁ፣ ትዝታ ሜጀርን ተጫወቱ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ሳጥኗ ለዲ ኤፍን፣ ለጂ ደግሞ ቢን ትሰጣችኋለች። ኤፍና ቢ ግን ትዝታ ውስጥ የሉም። ከአምስቱ ኖታዎች ሁለቱ ላይ የባዕድ ድምፅ ገባ ማለት ነው። አንቺሆዬ ላይማ ይብሳል፤ ከሲ ተነሥቶ ሲቃኝ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ እነዚህን አምስቱን አሟልቶ የሚይዝ አንድም የሜጀር ቁልፍ የለም። ሳጥኗ አልተበላሸችም፤ በሌላ ሰው ጆሮ ነው የተሠራችው። አንዳንዶቹ የራስን ስኬል መጻፍ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ኢፌክት አላት?» ከማለት «ስኬሉን እኔ መጻፍ እችላለሁ ወይ?» ማለቱ ለእኛ ይጠቅመናል።

ሁለተኛው ሶኬት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላካት ፔዳል ከነአዳፕተሯ ትመጣለች። አዳፕተሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ ተጽፎ ከሆነ የእኛ ግድግዳ 220 ነው፤ የዓመታት ምኞት በአንድ ጭስ ያልቃል። ጽሑፉን አንብቡ። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ደግሞ ተራ ፔዳል ወዲያው ይቀጥላል፤ ባለ ኮምፒዩተሯ ሳጥን ግን እስክትነሣ ሴኮንዶች ትቆጥራለች። ሴኮንድ መድረክ ላይ ረጅም ነው።

ታዲያ እንዴት እንመዝናት?

ቃናዋን ለመመዘን የፋብሪካውን ፕሪሴት አትመኑ። እሱ የተሠራው ሱቅ ውስጥ እንዲያስደነግጥ ነው፤ በሪቨርብና በዲሌይ የታጨቀ ነው። ሁሉንም አጥፉና አንድ ዲስቶርሽን ብቻ አስቀሩ። መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ አጥብቃችሁ ምቱ። የጊታሩን ድምፅ መቀነሻ ወደ ግማሽ መልሱት፤ ድምፁ ከጠራ ጥሩ ነው፤ እንደሻከረ አንሶ ብቻ ከተሰማ የሽንኩርቱን ነገር አስታውሱ። ከየት እንደምትሰሙም እወቁ። በቀጥታ ወደ ሚክሰር ስትገቡ የስፒከር ማስመሰያው መብራት አለበት፤ ጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ ስትገቡ ግን ብዙ ጊዜ መጥፋት አለበት። ስንቷ ደህና ሳጥን በዚህ ስህተት ብቻ «አትረባም» ተብላ ተሽጣለች!

አሁንም ሌላ ወጥመድ አለ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙንና በጣም ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል። መኝታ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ያሳመራችሁት ድምፅ መድረክ ላይ ሲጮኽ ባሱ ይጎረብጣል፣ ቀጭኑ ጆሮ ይበሳል። ስለዚህ ድምፅን በሚሠራበት ጩኸት ልክ አስተካክሉት።

አጠቃቀሟን ለመመዘን ደግሞ ቁሙ። ተቀምጦ ፔዳል የሚመርጥ ሰው ቆሞ ጫማ የማይሞክር ሰውን ይመስላል። ጫማችሁን እንዳደረጋችሁ፣ ዘፈን እየተጫወታችሁ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተሻገሩ። ሁለት መርገጫ በአንድ ጊዜ ትረግጣላችሁ? ሲቀየር ድምፁ ይቋረጣል? የሶሎው ድምፅ ከግጥሙ ድምፅ ከፍ ይላል ወይስ ይሰምጣል? መመሪያውን ሳትከፍቱ ዲሌዩን መቀነስ ቻላችሁ? የመጨረሻውን ካልቻላችሁ ከስድስት ወር በኋላም የምትጫወቱት የፋብሪካውን ድምፅ ነው፤ የእናንተን አይደለም።

ለኔ የታሪኩ ፍሬ ይኸ ነው። የሳጥኗ ቃና ሊገዛ ይችላል፤ በየዓመቱም እየተሻለና እየረከሰ ይሄዳል። ድምፁን የራስ ማድረግ ግን ቁልፉን የመንካት ጉዳይ ነው፤ ለመንካት የማትመች ሳጥን ደግሞ ሺህ ድምፅ ቢኖራት እንኳ የሰው ድምፅ ነው የምታስጫውታችሁ። ናሽቪል ላይ ያ ብልሽት ታሪክ የሠራው አንድ ሰው ሰምቶት «ይቆይ» ስላለ ነው። ያቺን «ይቆይ» የምትል ጆሮ ምንም ፕሪሴት አይተካትም።

ያ ያልኳችሁ ጊታሪስትስ? የሳጥኗ ቃና ምንም አልነበረበትም። 12 ቁጥር ላይ የነበረውን ድምፅ ቤቱ ሆኖ 08 ላይ ቢያስቀምጠው ኖሮ አንድ እርግጫ ይበቃው ነበር። ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እናንተም ዛሬ ማታ ሳጥናችሁን ክፈቱና ለአንድ ዝግጅት የሚበቋችሁን አራት ድምፆች ጎን ለጎን ደርድሩ።

ቸር እንሰንብት።