ሊሬን ያልተቀበለው ገበያ

ስለ አምስቱ የጠላት ዘመን ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው በዱር በገደሉ የተዋደቀው አርበኛ ነው፤ ይገባዋልም። ዳሩ ግን ጠመንጃ ያላነሣው ገበሬና ነጋዴ በገበያ ቀን ያሳይ የነበረው እንቢተኝነትም ከታሪክ መዝገብ ሊቀር አይገባውም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፋሺስት ኢጣሊያ ኃይል፣ በ1923 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ባንክ አፍርሶ ሊሬ የአገሩ ሕጋዊ ገንዘብ እንዲሆን ደነገገ። ሕዝቡ ግን የሚያምነው ጠገራ ብርን፣ ማለት ማርያ ትሬዛን ነበር። የኦስትሪያይቱ ንግሥት መልክና 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጁ አምስቱም ንጹሕ ብር ነው። ገበሬው በእጁ መዝኖ፣ ድምፁን አዳምጦ፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ፍሬዎች ቈጥሮ ይቀበለዋል። የወረቀቱ ሊሬ መተማመኛ ግን የወራሪው ቃል ብቻ ነበር። ስለዚህ እህሉን በወረቀት ከመሸጥ ይልቅ ጭኖ ወደ ቤቱ መመለስን የመረጠው ብዙ ነው።

ገዢዎቹ የጠገራውን ምንዛሪ ዝቅ አድርገው በዐዋጅ ቢወስኑም፣ ብሩ ከአደባባይ ተሰውሮ በጓሮ በበለጠ ዋጋ ይመነዘር ጀመር። ኢጣሊያ ለወረራው ስትሰናዳ፣ በ1927 ዓ.ም. የማርያ ትሬዛን መቅረጫ ከቪየና አስመጥታ በሮማ ታስመታው ነበር፤ ድል አድርጌአለሁ ካለች በኋላም ይህንኑ የባዕድ ንግሥት ገንዘብ ማስመታቷን መተው አልቻለችም።

ይህ ሁሉ አርበኝነት ነበር ብሎ መደምደም ግን ከእውነት ያርቃል። ሕዝቡ ወረቀትን ከቀድሞም ይጠራጠር ነበር፤ ነጻ የወጣው መንግሥት በ1937 ዓ.ም. የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ እንኳ 50 ሳንቲሙን ከብር ማሠራት አስፈልጎታል። ይሁን እንጂ ጥንቃቄና እንቢታ አይጣሉም። የወረቀት ገንዘብ መቀበል ያወጣው መንግሥት ነገም ይኖራል ብሎ ማመን ነውና፣ ሊሬውን የመለሰ ሰው፣ ዐወቀውም አላወቀውም፣ በወራሪው ዕድሜ ላይ ፍርዱን ሰጥቷል።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ጠገራ ብር በገበያው ላይ ነበር። ለእኛ ለባንክና ለሒሳብ ሙያተኞች ከዚህ የሚተርፈን ትምህርት፣ ዐዋጅ ገንዘብን ሕጋዊ ሊያደርገው ቢችልም የታመነ ሊያደርገው እንደማይችል ነው፤ ይህን ፍርድ ያን ጊዜ የሰጡት ስማቸው በየትም ያልተመዘገበ ገበያተኞች ናቸው።