ከተማ የገባ ድህነት
የልጆች አስም ሲነሳ ብዙ ሰው ነገሩን ወይ ለብርድ ወይ ለዘር ይሰጠዋል። ዘር ድርሻ እንዳለው አይካድም። የነገሌ ቦረናንና የሌሎቹን የደቡብ ቆላ ከተሞች አመጣጥ ለተከተለ ሰው ግን የሕፃኑን ትንፋሽ የሚያውከው አየር በአብዛኛው የሰፈር ድህነት ሥራ ነው። ያውም ድህነት ሁሉ አይደለም፤ ከተማ የገባው ነው።

ለዚህ አባባል የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በአርብቶ አደሩ ጎጆም እንጨት ይነድዳል፤ እናቶች የወተት ዕቃ የሚያጥኑት በጭስ ነው። ጭስ አስም የሚያመጣ ከሆነ ገጠሩ ለምን አልባሰም? የጅማ ጥናቶች ጥያቄውን ያከብዱታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት የአስም ምልክት ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ አግኝቷል። በ2001 የወጣው ሌላው ደግሞ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ እንደሚቀንስባቸው አሳይቷል። (ትሉ ደም ይመጥጣልና ማንም አያመሰግነውም።) እንግዲህ የገጠሩ ልጅ ከአስም ቢተርፍ ጭሱ ስለማይጎዳው አይደለም፤ የሳንባ ምች የሚያመጣበት ያው ጭስ ነው። ከአስም የሚያስጥለው ሌላ ነገር ስላለ ነው፤ ውሎው ከከብት ጋር ሜዳ ላይ መሆኑም በእኔ ግምት ከዚሁ ይቆጠራል። ከተማ ሲገባ ጭሱ ይከተለዋል፣ መከላከያው ይቀራል። እዚያው ጅማ ቤታቸው ውስጥ ነጭ ጋዝ በሚያነዱ ሰዎች ላይ አለርጂ በርትቶ መገኘቱም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ይህ የከተማ ድህነት እንዴት እንደተሠራ ነገሌ ታሳያለች፤ ታሪኳ የጦር ሰፈር ታሪክ ነው። በጥር 1928 ዓ.ም የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ገፍቶ ያዛት፤ በጥር 1966 ዓ.ም እዚያው የሰፈረው ወታደር በምግብና በውሃ ምክንያት አመጸ። ደመወዝተኛው ወታደር የሚጠጣው ውሃ ባጣበት ከተማ፣ ከካምፑ አጥር ውጭ ያለ ድሃ እንዴት ይኖር እንደነበር መገመት አያዳግትም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ዝቅ ማለቱ ለድሃው እፎይታ ነበር፤ ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ ቤቱን አያሳድስም። ጭቃው የተሰነጠቀ፣ ቆርቆሮው የሚያፈስ አንድ ክፍል መኝታም ማድቤትም ሆነ። እርጥበት፣ ሻጋታና የከሰል ጭስ አንድ ላይ የተገናኙት በእንዲህ ያለው ቤት ነው። ከዚያ ድርቁ መጣ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በተከታታይ 5 የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ከብቱ ያለቀበት የቦረና ቤተሰብ ወደ ዱብሉቅና ወደሌሎች መጠለያዎች፣ ወደ ከተማ ዳርም ፈለሰ። ከብት ለሌለው ሰው የቀረው ገበያ እንጨትና ከሰል ነው፤ የእሱ ከሰል በሌላው ድሃ ክፍል ውስጥ ይጨሳል።

ከሰል ይከልከል ለሚሉት መልሱ ከዚሁ ይገኛል፤ ክልከላው የሻጩን እራት ይወስዳል እንጂ ለገዢዋ ሌላ ማገዶ አይሰጣትም። ኤሌክትሪክ ይግባ የሚሉት ይሻላሉ። ሆኖም አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ በሚሠራበት ግቢ ምጣድ መጣድ የአከራይ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚነፋ የአስም መድኃኒት ብቻ በቂ ነው የሚሉት ደግሞ ልጁ ከጤና ጣቢያ ወጥቶ የሚመለሰው ወደዚያው ክፍል መሆኑን ረስተዋል። ከሁሉ በፊት ጭስ መውጫ ያለው የተለየ ማድቤት ቢሠራ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ይህ ደግሞ ከጤና ቢሮ ይልቅ የቤቶቹ ባለቤት የሆነው አስተዳደር ሥራ ነው።