ጥግ፣ አምባ፣ መማፀኛ

ባሕር ማዶ ያለው የአክስቴ ልጅ «የጥገኝነት ማመልከቻዬ ተቀባይነት አገኘ» ብሎ የደወለ ዕለት ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እልልታው ጋብ ሲል አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ እስቲ ንገረኝ፤ ልጄ ጥገኛ ሆነ ማለት ነው?» አሉኝ። የሳቁ ነበሩ፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ። እርሳቸው የሚያውቁት ጥገኛ የሰው እጅ እያየ የሚኖር ነው፤ አለዚያም ሐኪም በመድኃኒት የሚያስወጣው ትል። የዚያን ዕለቱን ዕዳዬን ዛሬ ልክፈል።

ቃሉ የመጣው ከ«ጥግ» ነው። ጥግ ዳር ነው፤ ዝናብ ሲወርድ የምንቆምበት የግድግዳ ሥር። «ተጠጋ»፣ «አስጠጋ»፣ «መጠጊያ» ሁሉ የእርሱ ልጆች ናቸው። «መጠለያ» ደግሞ የጥላ ዘመድ ነው። «ስደት» ግን «ሰደደ» ከሚለው ግሥ ወጥቷልና፣ ስደተኛ ባልን ቁጥር ስሙ ያልተጠራ አሳዳጅ ከኋላ ይከተላል። ለመሆኑ አሳዳጁን የሚያቆመው ምንድን ነው? የድሮ መሸሸጊያዎቻችንን ታሪክ ሳገላብጥ ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ አልሆነም።

አንዱ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። አክሱም ጽዮን መማፀኛ መሆኗን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ትግራይ የዘለቁ የውጭ አገር ተጓዦች ጭምር ጽፈውታል። ጦርነት ሲነሣ ሰው ነፍሱንም ንብረቱንም ይዞ ወደዚያ ይሸሽ ነበር። የገባውን ሰው የጠበቀው አጥር አልነበረም፤ አሳዳጁም ያንኑ ታቦት መፍራቱ ነው።

ሁለተኛው ገደል ነው። ደብረ ዳሞ የሚወጣው በገመድ ተንጠላጥሎ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከኢማም አሕመድ ጦር ሲሸሹ ኖረው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1540 ያረፉት እዚያ ነው። ዛሬ ሴት በማትወጣበት በዚያ አምባ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ተጠግተው ቆይተው፣ በ1541 የፖርቱጋል ወታደሮች ደርሰው አወረዷቸው። ይሁንና ጠላት የማይወጣውን ገደል እስረኛም አይወርደውም። ግሸንና ወህኒ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁባቸው የነበሩ አምባዎች ናቸው። ዛሬ «ወህኒ ቤት» ስንል የምንጠራው ስም ከዚያ አምባ ስም ጋር አንድ ነው። መሸሸጊያና እስር ቤት እንዲህ ጎረቤታሞች ነበሩ።

ፈሪሃ እግዚአብሔሩም ገደሉም የማይሠሩበት ዘመን መጣ። በሰሜን ሸዋ የሚገኘውን የዘረት ዋሻ ሕዝቡ «አመጸኛ ዋሻ» ይለዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. «ዱር ቤቴ» ያሉ አርበኞች ከነቤተሰቦቻቸው ተጠልለውበት ሳለ የጣሊያን ጦር ከቧቸው የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጃቸውን ሰጥተው ከወጡትም ውስጥ ብዙዎቹን ረሸነ። ጋዝ ግድግዳ አያግደውም፤ የላከውም ታቦት አልፈራም።

ታዲያ ምን ቀረ? የሚያስጠጋው ሰው ቀረ። የእስልምና ትውፊት እንደሚነግረን በ615 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ሲሰደዱ፣ ቁረይሾች መልእክተኞቻቸውን ከገጸ በረከት ጋር ልከው «መልስልን» አሉ። ነጋሺው ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም፤ ገጸ በረከቱንም መለሰ።

ዋጋው ግን ሁልጊዜ በገጸ በረከት አይቆምም። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው የገቡት ወሎ፣ ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ነው። የወርቂት ልጅ ያኔ መቅደላ ላይ የቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥ ሲያዩ በቁጣ ልጁንና ሌሎች የወሎ እስረኞችን አስገደሉ። ወርቂትም ምኒልክን ወደ ሸዋ ሸኟቸው። ምኒልክ ነገሡ፤ የሚነግሡበትን መንገድ ከከፈቱላቸው ሰዎች አንዷ ልጇን ያጣች እናት ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ለቴዎድሮስም የመጨረሻ ጥግ ሆነች፤ እንግሊዞች ሲገቡባቸው እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። «ጥገኛ» የሚለው ቃል የሚያሳየን የተጠጋውን ብቻ ነው፤ ያስጠጋውን ይደብቃል። የኦሪቱ ስድስት የመማፀኛ ከተሞች በአማርኛ የተጠሩበት ሌላ ቃል አለ፤ «ተማፀነ»። ግዕዙ «ተማሕፀነ» ነው፤ ሥሩም «ማሕፀን» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። የተማፀነ ሰው ልክ እንደ ፅንስ ራሱን ለሌላው አደራ ሰጥቷል ማለት ነው። አደራውን የተቀበለው ደግሞ አንድ ነገር ይከፍላል።

ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «እንግዲያስ ልጄን ያስገባው አገር ይባረክ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እኛስ ከጋምቤላ ማዶ የሚመጣውን ምን ብለን ነው የምንጠራው?» ብለው ጠየቁኝ። ያንን ዕዳ ደግሞ ብቻዬን የምከፍለው አይደለም።