ከአማኑኤል ግቢ እስከ በዴሳ፦ የአእምሮ ሕክምናና የነርሶቹ ታሪክ

ዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና በኢትዮጵያ ከዋና ከተማዋ ወጥቶ ወደ ክፍለ አገር የደረሰበት ታሪክ ከሁሉ በፊት የነርሶች ታሪክ ነው። በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በዴሳ አእምሮው የታወከ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ለረጅም ዘመን የነበረው አማራጭ፣ በሽተኛውን ይዞ ወደ ሶዶ መውጣትና ከዚያም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ነበር፤ የመንገዱ ወጪ፣ በሽተኛውን ለመያዝ አብረው የሚሄዱት ሰዎች ስንቅና የከተማው ማደሪያ ሲደመር ብዙዎቹ ጉዞውን ሳይጀምሩት ይቀሩ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሆስፒታል ባልነበረበት ዘመን ሕመሙ ስምም ሐኪምም አልጎደለውም። ሕዝቡ ልክፍት፣ ዛር ወይም መጋኛ እያለ የሚጠራው ሁሉ ስለ መንስኤው የራሱ ማብራሪያና የራሱ ሥርዓት አለው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጎንደር ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት ሲያጠና እንደተመለከተው፣ ባለ ዛሯ መንፈሱን ከማስወጣት ይልቅ ስሙን ታውቃለች፣ የሚፈልገውን ትሰጠዋለች፣ ታስማማዋለች፤ በጠበል ሥርዓት ግን አጥማቂው ርኩስ መንፈሱን እንዲለፈልፍና እንዲለቅ ያስገድደዋል። በወላይታ ደግሞ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በ1928 ሶዶ አጠገብ ኦቶና ከሰፈሩ ወዲህ የወንጌላውያን ጸሎት ሦስተኛ መንገድ ሆኗል። ቤተሰቡ እነዚህን መንገዶች ተራ በተራ፣ አንዳንዴም በአንድነት ይሞክራቸዋል። ሁሉም ሳይሠራ ሲቀርና በሽተኛው ቤት ማቃጠል ወይም ሰው መምታት ሲጀምር፣ የሚቀረው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ጭካኔ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሌላ የሚይዝለት እጅ ያጣ ቤተሰብ ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ ጎረቤትም እንዳይገድለው የሚፈጽመው የመጨረሻ ጥበቃ ነው፣ በሽተኛውን ግን ይጎዳዋል።

በአዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1938 ገደማ ተቋቁሞ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ፤ ስሙም ከሕመሙ ጋር ተጣብቆ፣ «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር ሰውን ለማሸማቀቅ የሚበቃ ሆነ። በዓለም ላይ ሕክምናውን የለወጠው ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ነው፤ ሐኪሞቹ ዣን ዴሌ እና ፒየር ዴኒከር በ1952 ፓሪስ ውስጥ በሥራ ላይ አውለውት፣ ሳይኮሲስ የሚባለውን፣ ማለትም በሽተኛው የሌለ ድምፅ የሚሰማበትንና ከእውነታው የሚለይበትን ሁኔታ ማስታገስ እንደሚችል አሳዩ። የመድኃኒቱ ጠባይ ግን ለነርስ ዛሬም ፈተና ነው፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ የጡንቻ መድረቅን፣ የእጅ መንቀጥቀጥንና የአንገት መጣመምን ስለሚያስከትል፣ አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ መንፈሱ ብሶበታል ብሎ መድኃኒቱን ሊያስቆም ይችላል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህና እርሳቸውን የተከተሉት ጥቂት ባልደረቦች የአገሪቱን ሕዝብ ሁሉ መድረስ የሚችሉ አልነበሩም።

መንገዱን የከፈተው በ1987 በዓለም የጤና ድርጅት ድጋፍ በአማኑኤል የተጀመረው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ነው። አስቀድመው ነርስ የነበሩ ባለሙያዎች ሕመሙን መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝና በሽተኛን መከታተል ተምረው በየክፍለ አገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ፤ በብዙ ሌሎች አገሮች የሐኪም ብቻ የነበረው ሥልጣን በእነርሱ እጅ ገባ፣ ይህም በድህነት ግፊት የተወለደ ቢሆን እንኳ ከኢትዮጵያ የጤና ታሪክ ደፋር ውሳኔዎች አንዱ ነው።

እነዚህ ነርሶች ካገኟቸው ሕሙማን መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው በርካታ ነበሩ። የሚጥል በሽታ በአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ድንገተኛ መዛባት የሚመጣ እንጂ የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ ሆኖም ሌላ የሚያየው ክፍል ስላልነበረ ወደ እነርሱ መጣ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መገባደጃ በቡታጅራ ባካሄዱት ጥናት ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ ሕመሙ እንዳለበት አገኙ። በገጠር ከመውደቁ በላይ የሚያሰቃየው ቃጠሎው ነው፤ በሽተኛው ምድጃ ላይ ሲወድቅ፣ በአፉ የሚወጣው አረፋ ይጋባል ብሎ የሚፈራ ሰው ስለማይነካው፣ እሳቱ እጁን ወይም ፊቱን ይበላዋል። ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽ ክኒን በየቀኑ ሲወሰድ ብዙዎቹን ከዚህ ይጠብቃል፤ በድንገት ሲቋረጥ ግን ከቀድሞው የባሰ መንፈራገጥ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ክኒኑን ከመስጠት ይልቅ እንዳይቋረጥ ማስረዳቱ የነርሱ ከባዱ ሥራ ሆነ።

ቡታጅራ በ1998 በተጀመረና ከ68,000 በላይ ሰዎችን በለየ ሰፊ ጥናትም ስለ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ሕመም የአገሪቱ ዋነኛ የዕውቀት ምንጭ ሆነች፤ ስኪዞፍሬኒያ ከላይ የተጠቀሰው ሳይኮሲስ የሚታይበት ሲሆን፣ ባይፖላር የሚባለው ስሜት ከልክ በላይ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል የሚታወቅ ሕመም ነው። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አጋርነት የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። የጤና ጣቢያ ነርሶች ሕክምናውን እንዲሰጡ የተሞከረባት «ሶዶ» በጥናቶቹ ደጋግማ ትነሣለች፤ ይህች ግን የጉራጌዋ ሶዶ ወረዳ ስትሆን፣ ብዙ አንባቢ ከወላይታ ሶዶ ጋር ያምታታታል።

ወደ በዴሳ ስንመለስ፣ ለገጠሯ የሳይኮሲስ ሕሙማን የሚስማማው ምናልባት በየቀኑ ከሚዋጥ ክኒን ይልቅ ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት የተባለው መርፌ ነው፤ መድኃኒቱ በዘይት ተዋሕዶ በጡንቻ ውስጥ ይቀመጥና ለሳምንታት ቀስ በቀስ ወደ ደም ይለቀቃል፣ በሽተኛውም በገበያ ቀን ከዘመዱ ጋር በወር አንዴ ወደ ነርሱ ክፍል መጥቶ ተወግቶ ይመለሳል።