ፓሪስ የተማሩት ሕግና የነገሌ ቦረና ውሃ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ጢም አውጥቷል። እዚሁ አገር ሕግ በዲግሪ ከተመረቀ በኋላ ስኮላርሺፕ አግኝቶ አውሮፓ ሄደ፤ በዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ማስተርሱን ይዞ ተመለሰ። ከመጣ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሥራ ግን የለም። አዲስ አበባ ስድስት ወር ዞረ። የሄደበት ሁሉ «የሥራ ልምድ አምጣ» ሲለው ተስፋ ቆርጦ ያቤሎ እናቱ ጋ ገባ። ሻይ እየጠጣን «ቲቸር፣ እነ አክሊሉ ፈረንሳይ ተምረው መጥተው ለአገር ተሟገቱ ብለው አስተምረውን ነበር። ታዲያ እኔስ?» አለኝ።

ምን ልበለው? እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ስለ ማስተርስ ምክር ለመስጠት አፌ አይደፍርም። ማታ ግን የድሮ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ለእነሱ ያስተማርኩት የታሪኩን ግማሽ ብቻ እንደነበር ገባኝ።

የነገርኳቸው ግማሽ ይሄ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ውጭ አገር ሕግ የተማረ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ታእዛዝ አንዱ ናቸው። የአከለ ጉዛይ ሰው ናቸው፤ ፈረንሳይ ሞንፔልዬ ሕግ ተምረው ተመለሱ። ሥራ አልፈለጉም፣ ሥራው ራሱ ነው የፈለጋቸው። ኅዳር 1927 ዓ.ም ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር ግጭቱ ሲነሳ ኦጋዴን ከነበረው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሽን ጋር ነበሩ። ሰኔ 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ያደረጉትን ንግግር በማዘጋጀት ከረዱት አንዱ እሳቸው ናቸው። በወረራው ጊዜ ደግሞ በድብቅ ጎጃም ገብተው ከአርበኞች ጋር ተገናኝተዋል። የሕግ ምሩቅ ጫካ ሲገባ አስቡት እስቲ!

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ደግሞ በ1904 ዓ.ም የተወለዱ፣ እስክንድርያ ከፈረንሳዮች ትምህርት ቤት አልፈው ፓሪስ ሕግ የተማሩ ናቸው። ሰኔ 19 ቀን 1937 ዓ.ም ሳንፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም በኢትዮጵያ ስም ከፈረሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዝ ኦጋዴንንና ሐውድን አልለቅም ብላ ይዛ ነበር። ያንን ክርክር ለዓመታት የተከራከሩት እሳቸው ናቸው፤ ሐውድ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም ነው። ዓለም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ሕግ እየጠቀሰ ሲመጣብን በዚያው ቋንቋ የሚመልስ ሰው ያስፈልግ ነበር። ፓሪስ የተማሩት ለዚህ ሥራ ልክክ አለ። ከ1953 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

እዚህ ላይ ነበር ደወል የሚደወለው፤ እኔም ማስታወሻዬን የምዘጋው።

ሁለተኛው ግማሽ የኛው ሰፈር ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም፣ ነገሌ ቦረና። እዚያ የሰፈረው ጦር ምግቡ የማይበላ፣ ውሃው የማይጠጣ ሆነበት። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ወታደሮቹ አዛዦቻቸውን አሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን እንዲያዩ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ቢልኩ እሳቸውንም ያዟቸውና ያንኑ ምግብና ያንኑ ውሃ አቀረቡላቸው። ወሬው ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ። በየካቲት ታክሲ ቆመ፣ መምህራንም አደማን (እኔ አልተወለድኩም፣ ግን «አደማን» ማለት ደስ ይለኛል)። የካቲት 20 የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። በቦታቸው የመጡት እንዳልካቸው መኮንንም ኦክስፎርድ የተማሩ ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሁለቱም ያለ ፍርድ ከተገደሉት ስድሳ ያህል ሰዎች መሃል ናቸው። ለሕግ ሰው ያለ ፍርድ መሞት... እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቃል ያጥረኛል።

ነገሌ ብቻዋን መንግሥት ጣለች እያልኩ አይደለም። የወሎ ረሃብ ነበር፣ የነዳጅ ዋጋ ነበር፣ የመሬት ጥያቄ ነበር። ግን በውጭ አገር መድረክ ስለ ድንበር ያሸነፈ መንግሥት ነገሌ ላይ ስለ አንድ ጉድጓድ ተረታ።

እኛ ቦረናዎች ጋ ደግሞ ስለ ጉድጓድ ሕግ አለ፣ ያውም ጥንታዊ። የቱላ ጉድጓዶችን ታውቃላችሁ። ጉድጓዱ አባ ኮንፊ አለው፤ የማጠጫውን ተራ በየቀኑ የሚመራ አባ ሄሬጋ አለው። ሕጉ በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ላይ ተሰብስቦ ይነገራል፣ ይታደሳል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ረቂቁ ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ የፈረንሳይ ፕሮፌሰር የሠሩት ነው። አንቀጽ 3347 ደግሞ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ በአንድ አረፍተ ነገር ሻረው። ዱብሉቅ ላይ ላም የሚያጠጣው ሰው መሻሩን አልሰማም፤ ተራውን ይዞ ቀጠለ። አገር ውስጥ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በ1956 ዓ.ም ነው፤ የመጀመሪያው ዲኑም አሜሪካዊ ነበሩ። ሕጉ ቀድሞ መጣ፣ የሚያስተምረው ቤት ተከትሎ መጣ።

ይህን ሁሉ ለልጁ በማግስቱ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ሳቀ። «ቲቸር፣ እኔ የመርከብ ጭነት ክርክር በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ ሃያ ገጽ ጽፌያለሁ። ባለፈው አጎቴ በውሃ ተራ ተጣልቶ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ግን ቅጣቱ ስንት ከብት እንደሆነ አላወቅኩም። ፍርድ ቤት ሄጄ ደግሞ አቤቱታ በአፋን ኦሮሞ ጻፍ ሲሉኝ ቃሉ ጠፋኝ» አለኝ። እናቱ ጋ የሚያወራው ቋንቋ እኮ ነው! የሕጉን ቃል ግን ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነው የተማረው።

የትምህርቱ ጥፋት አይመስለኝም። የነ አክሊሉ ዘመን አልፏል፤ ያኔ በጣት የሚቆጠሩት ዛሬ በየዓመቱ ከየዩኒቨርሲቲው ይመረቃሉ፤ ሚኒስቴር በር ላይ የሚጠብቀው ወንበር የለም። የተከፈተው በር ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ተከራካሪዎች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ሕግ እንዲዳኝ ፈቅዷል። ኦሮሚያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁማለች። የሽማግሌው ውሳኔና የመደበኛው ፍርድ ቤት ሥርዓት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሞያሌ ላይ ከብት ይዞ ኬንያ የሚሻገረው ነጋዴስ? የልጁ ማስተርስ እኮ ስለ ድንበር ዘለል ንግድ ነው። ውል ሳይጽፍ በእምነት ሸጦ ገንዘቡ የቀረበት ሰው እዚህ ከተማ ስንቱ ነው።

«ታዲያ ደመወዙን ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። ልክ ነው፤ እዚህ ጋ እኔም መልስ የለኝም። የጠበቃ ፈቃድ እስኪያገኝ ፈተና አለ፣ የውጭ ዲግሪው አቻ ግምት ይሠራለታል፣ ያ ሁሉ ጊዜ ነው። እናቱ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

አሁን የተስማማነው ይሄን ነው። ከሰኞ ጀምሮ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አቤቱታ ከሚጽፉ አንድ አባት ጋር ይቀመጣል፤ ቃሉን ከእሳቸው ይለምዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቱ ወደ ሽማግሌዎቹ ይዞት ይሄዳል። እኔ ደብተር ገዝቼለታለሁ።

ያቤሎ፣ ሞያሌ ወይ ነገሌ ያላችሁ ጠበቆች (የኔ ተማሪ የነበራችሁም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ!) ለዚህ ልጅ በቢሮአችሁ አንድ ወንበር ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስልኩን በውስጥ እልካለሁ።